የዮብ ኔልትዬ ስትጠራ

በእኛ ዘመዶች ዘንድ ዘሩን የማይቆጥር ልጅ ሾርባ አይቀርብለትም ይባል ነበር። ውሸት ነው። ሾርባው ለሁሉም ይደርሳል፣ እንዲያውም ተርፎ ለአሳማ ይደፋል። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አምኜው ኖሬያለሁ፤ የማኅበሩን ሾርባ ቀምሼው ስለማላውቅ ደግሞ በምኞት ብቻ አልቄ ነበር።

የዌስተርዶንክ ቤተሰብ ማኅበር በዓመት አንድ ቀን፣ በዕርገት በዓል፣ ዜላንድ በሚባለው የባሕር ዳር አውራጃ አያቶቼ በተወለዱበት ደሴት ላይ ይሰበሰባል። ቡና ይጠጣል፤ የዘመድ ወሬ ይነበባል፤ ማን ወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን ወደ ካናዳ ተሻገረ ይባላል፤ ከዚያ የጥንቱ ታሪክ ይወራል። በመጨረሻም በዚያ ዓመት ዘጠኝ የሞላቸው ልጆች ስማቸው ሲጠራ በየተራ እየተነሡ፣ ከፊት ያለው በርጩማ ላይ ይወጡና ዘራቸውን እስከ ሊቨን ድረስ ይቆጥራሉ። ሊቨን የሁላችንም ምንጅላት ነው፤ አካፋ ተሸክሞ የባሕር ግድብ ሊሠራ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰውዬ።

ችግሩ ስሞቹ ናቸው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ በእኛ ቤት ግን ስም የሚያወጣው አያት ነው። የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወስዳል፣ የመጀመሪያ ሴት ልጅ የአባቷን እናት። ስለዚህ ዮብ ማሪኑስን ይወልዳል፣ ማሪኑስ ዮብን ይወልዳል፣ ዮብ ደግሞ ተመልሶ ማሪኑስን። አንድ ዮብ የረሳ ልጅ አንድ ማሪኑስም አብሮ ይጠፋበታል፤ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሁለት አያት ጎደለው ማለት ነው።

አባዬ የፖም ዛፍ ሲገርዝ እኔ መሰላሉ ሥር ቆሜ እለማመዳለሁ።

"ዮብ የማሪኑስ፣ ማሪኑስ የዮብ፣ ዮብ የማሪኑስ፣ ማሪኑስ የዮብ..."

"ስንተኛው ዮብ ላይ ነሽ?" ይለኛል ከላይ።

"ሁለተኛው።"

"ሦስተኛው ላይ ነሽ። ተመለሺ። ደግሞ አንድ ቦታ ቁሚ፤ እየዞርሽ ስትቆጥሪ እኔንም ታዞሪኛለሽ።"

ምን ላድርግ፣ ድሮም ቁንጥንጥ ነኝ። አሁን ሰባ ደፍኜ እንኳ ቁጭ ብዬ አንድ ስኒ ቡና አልጨርስም። ባሌ "ይቺ ሴትዮ መቃብሯ ውስጥም ትገላበጣለች" ይላል፤ ይበል፣ እሱ ደግሞ ተቀምጦ ነው ያረጀው።

እኔም ኔልትዬ ነኝ፣ በአያቴ ስም። በማኅበሩ ውስጥ ታዲያ ኔልትዬ እንደ ድንች ነው፤ ጣትህን የቀሰርክበት ሁሉ አለ። አያቴ ኔልትዬ ናት፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር የጋሽ ክራይን ልጅ ኔልትዬ ናት፤ ዳቦ ጋጋሪው ያገባት የአክስቴ ልጅ ኔልትዬ ናት። ሰው እንዳይምታታበት በአባት ስም እንለያለን። እኔ የዮብ ኔልትዬ ነኝ፤ በምድር ላይ ሌላ የዮብ ኔልትዬ የለችም ብዬ ነበር የማምነው።

በስሜ የማትጠራኝ እማዬ ብቻ ነበረች። ሚጣ ነው የምትለኝ። ከክፍሌ ልጆች ሁሉ አጭሯ ስለነበርኩ ነገሩ አልደነቀኝም፤ ቁመት ስጨምር ትተወዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

ስለ ውሃውም አውቅ ነበር። እኛ ጋ "ውሃው" ከተባለ ሌላ ትርጉም የለውም፤ እኔ ከመወለዴ አንድ ዓመት በፊት፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት፣ ባሕሩ ግድቡን ጥሶ ደሴቱን የዋጠበት ነው። ትልልቆቹ ዘመን የሚቆጥሩት በእሱ ነው፤ ከውሃው በፊት፣ ከውሃው በኋላ። በትምህርት ቤትም በካርታ አሳይተውናል። አባዬ ደግሞ ስለ ፈረሱ አውርቶ አይጠግብም፤ ብራውን ስለሚባለው፣ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ወደ እሱ እያየ ስለቀረው። ስለዚህ ውሃው የወሰደብን ቤታችንንና ብራውንን ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ለፈረስ ይህን ያህል የሚያዝን ሰው ሌላ ሐዘን ይኖረዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ዛሬ ሳስበው አባዬ ስለ ፈረሱ ያወራ የነበረው ሌላውን ማውራት ስላቃተው ነው።

ከውሃው በኋላ ወላጆቼ ወደ ማዶ ተሻግረው እዚያው ቀሩ። እኔ ከተወለድኩ ወዲህ ማኅበሩ ላይ ረግጠን አናውቅም። በዚያ ዓመት ግን አባዬ እራት ላይ "ዘጠኝ ሞልቷታል፤ ትቆጥራለች" አለ።

እማዬ ድንቹን እያወጣች ነበር። "ትቁጠር" አለች፣ ቀና ሳትል።

በዕርገት ጠዋት ወደ ደሴቱ የሚያሻግረን ትልቁ ጀልባ ላይ እማዬ አንድ ቦታ መርጋት አቃታት። ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፣ ኮቷን ትቆልፋለች፣ ትፈታለች፣ ፀጉሬን ጎንጉና ሳትጨርስ ትተወዋለች።

"ማትዬ፣ ተቀመጪ እንጂ" አላት አባዬ።

"ተቀምጬ ምን ልሁን?"

እኔ ደስ አለኝ። ቁንጥንጥነቴ ከማን እንደመጣ አወቅሁ ብዬ ነው። ፀጉሬ በአንድ በኩል ተጎንጉኖ በሌላው ተበትኖ ከእሷ ኋላ ኋላ ስዞር ጀልባው ደረሰ።

አዳራሹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። አክስቴ ይከሚን፣ የአባዬ ታላቅ እህት፣ በሩ ላይ ቀረፋና ስኳር የተጣበቀበት ጥቅል ዳቦ በትሪ ይዛ ትቀበላለች።

"ዮብ፣ አንተ ሰው አለህ ለካ። እኔ እኮ ማዶ ሄዶ ጳጳስ ሆነ ብያቸው ነበር። ማትዬ፣ ነይ እስቲ ልይሽ፤ ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ ማዶ እህል አይበላም?" አለችና እማዬን አቅፋ ያዘቻት። ከሚገባው በላይ ነው ያቀፈቻት፤ ትሪው በጀርባዋ በኩል እየተንጋደደ አንድ ዳቦ ወደቀ፣ እኔ አነሣሁት።

አያቴ ነጭ የዳንቴል ቆቧን ደፍታ ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

"ስሜን በደንብ ያዥልኝ" አለችኝ።

እማዬ ይህን ስትሰማ ወደ ኩሽናው ሄደች።

የአክስቴ ይከሚን ልጅ ሎኒስም በዚያ ዓመት ዘጠኝ ሞልቶታል። ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ፣ ፀጉሩን በውሃ ለጥፎ መጣ።

"ስንት ዮብ አለሽ?" አለኝ።

"ሦስት።"

"እኔ አራት አለኝ።"

"ሂድ ወዲያ፣ ውሸታም። አንተ በእናትህ በኩል ነው የምትቆጥረው፤ አባቴ ለአንተ አይቆጠርም። ሁለት ነው የሚደርስህ።"

በጣቱ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። ጆሮው ቀላ። "ለማንኛውም አንድ ዮብ ብትስቺ ሾርባ የለም" አለና ጥሎኝ ሄደ።

እጄ በስኳር ተጣብቆ ስለነበር ልታጠብ ወደ ኩሽናው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የእማዬ ድምፅ ሲመጣ ቆምኩ፤ ትልልቅ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ጆሮዬ ይረዝማል፣ ዛሬም ያው ነኝ።

"አንድ ነገር ልለምንዎት፣ ጋሽ ክራይን። የኔልትዬን ስም አይጥሩት።"

ጋሽ ክራይን የአያቴ የማሪኑስ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የግድብ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተው፣ አሁን ማኅበሩን እንደ ግድብ የሚጠብቁ ሽማግሌ። "የዮብን ኔልትዬ?" አሉ።

"ሌላ የማን ትሆናለች? የሌሎቹን ሁሉ ይጥሩ። የእሷን ብቻ ይተዉልኝ።"

"ዮብ እኮ ትጠራ ነው ያለኝ።"

"ዮብ ያለውን አውቃለሁ። እናቱም ያሉትን አውቃለሁ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ያን ጊዜም አልጠየቃችሁኝም።"

"ልጄ፣ አሥር ዓመት ሆነ።"

"አሥርም ይሁን ሃያ። ለእኔ ገና ናት።"

ድስት ተንኳኳ። አክስቴ ይከሚን ናት፤ እሷም እዚያው ነበረች። "ማትዬ፣ የሁሉም ተጠርቶ የእሷ ብቻ ቢቀር ሰው ምን ይላል?"

"የፈለገውን ይበል። እኔ ሰው ፊት ቆሜ አልሰማውም።"

"አንድ ስም ዘልዬ እዚያ መቆም አልችልም" አሉ ጋሽ ክራይን። "ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ ማትዬ። ይህንን ግን አልችልም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።"

እጄን ሳልታጠብ ተመለስኩ። በመጀመሪያ ነገር አሥር አልሞላኝም፤ ዘጠኝ ነኝ፣ ይህን ጋሽ ክራይን እንዴት አያውቁም? ይህስ ይሁን። የገዛ እናቴ፣ ክረምቱን ሙሉ ከመሰላሉ ሥር ስለፈልፍ በመስኮት ስታየኝ የከረመች እናቴ፣ "ገና ናት" ትላለች። ታሳፍረኛለች ብላ ፈርታለች ማለት ነው። አንድ ዮብ ትረሳለች ብላ ስሜ እንዳይጠራ ሄዳ ሽማግሌ ትለምናለች። እሺ፣ አልኩ በልቤ። ስሜ እንደተጠራ እነሣለሁ፤ ማንም እጄን ሳይዘኝ በርጩማው ላይ እወጣለሁ።

ስብሰባው ተጀመረ። እማዬ በአባዬና በእኔ መካከል ተቀምጣለች፣ ኮቷን አላወለቀችም። ጋሽ ክራይን መነጽራቸውን አደረጉና የዘመድ ወሬውን ያነቡ ጀመር። የአድሪያን ሚስት መንታ ወልዳለች፤ ሌኔርት ትራክተር ገዝቷል፣ ቀይ ነው፤ የካናዳዎቹ በረዶው ቤታቸውን እስከ ጣሪያው ቀበረው ብለው ጽፈዋል።

"በረዶ ነው እንጂ ውሃ አይደለ" አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ፤ ሰዎች ሳቁ። እማዬ አልሳቀችም።

ከዚያ የሊቨን ታሪክ መጣ፤ አካፋው፣ ግድቡ፣ ያገባት የመንደር ልጅ። ይህን ሁሉ በአንድ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ወንበሩ ላይ እቁነጠነጣለሁ፣ እግሬን ይበላኛል፣ ከንፈሬ ዮብ የማሪኑስ፣ ማሪኑስ የዮብ ይላል። ጋሽ ክራይን መነጽራቸውን አውልቀው የሆነ ነገር ሲናገሩ፣ እኔ ሁለተኛው ማሪኑስ ላይ ነበርኩ። የሰማሁት "አሁን ስሞቹን እንጠራለን" የሚለውን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ። እማዬ ተነሥታ፣ ሰዎቹን እየገፋች በጎን ወጥታ ከበሩ ውጭ ወደ መተላለፊያው ሄደች። ላለመስማት ነው፣ አልኩ። ትሂድ።

"ሊና የአድሪያን" አሉ ጋሽ ክራይን።

ማንም አልወጣም።

"ቶነ የሌኔርት።"

እሱም አልወጣም። አንዲት ሴትዮ ተናፈጠች። ዙሪያዬን አየሁ፤ የተጠራ ሁሉ ዝም ይላል፣ አንድም ልጅ ንቅንቅ አይልም። ምን ዓይነት ፈሪዎች ናቸው፣ አልኩ። ይሄው ነው ማኅበር ማኅበር ሲሉት የኖሩት? ከሁለቱ ቀጥሎ ደግሞ ሌሎች ተጠሩ፤ በየመካከሉ ጋሽ ክራይን ይቆማሉ፣ ይጠብቃሉ፣ መልስ የለም። ለእሳቸው አዘንኩላቸው።

"ኔልትዬ የዮብ።"

"አቤት፤ እዚህ ነኝ" አልኩ።

አባዬ እጁን ሲዘረጋ አየሁት፤ አልደረሰብኝም። በወንበሮቹ መካከል ሮጬ በርጩማው ላይ ወጣሁ። ድምፄን ለቀቅሁት።

"እኔ ኔልትዬ ነኝ፤ የዮብ የመጀመሪያ ልጅ።" አባዬ ያስጠናኝ "የዮብ ልጅ" ብሎ ብቻ ነው፤ "የመጀመሪያ" የሚለውን እዚያው ከራሴ ጨመርኩት፤ ወንድምም እህትም የለኝም፣ ከሊቨን ጀምሮ ለሚቆጠር ዘር ትንሽ ማማር ያስፈልገዋል ብዬ። "ዮብ የማሪኑስ፣ ማሪኑስ የዮብ፣ ዮብ የማሪኑስ..."

አንድም ሰው አልሳቀም፤ አንድም ሰው አልተቀመጠም። አያቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ሎኒስ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ጋሽ ክራይን ወረቀታቸውን ይዘው አጠገቤ ቆመዋል፤ ግን አላስቆሙኝም። አባዬ ወንበሩን ይዞ ጎንበስ ብሏል። የሆነ ጥፋት እንዳጠፋሁ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም፤ ስለዚህ መቁጠሬን ቀጠልኩ። ሦስተኛው ዮብ ላይ ስደርስ በሩ ተከፈተና እማዬ ገባች።

እማዬ አርጅታ፣ የአረጋውያን ቤት ገብታ፣ ትናንትንና ዛሬን መለየት ሳያቅታት በፊት፣ ያን ጊዜ መተላለፊያው ውስጥ ምን እንደሆነች ነግራኛለች። ኮቶቹ በተሰቀሉበት ቦታ ፊቷን በሰው ኮት ውስጥ ቀብራ፣ ስሙን እንዳትሰማ ጆሮዋን ይዛ ነበር። ሰማችው። ወዲያው ደግሞ የሕፃን ድምፅ "አቤት፤ እዚህ ነኝ" ሲል ሰማች። "አንድ ትንፋሽ ለመሳብ ያህል አመንኩ" አለችኝ። "ዕብድ በይኝ ከፈለግሽ። መጣች አልኩ። ከዚያ ዮብ የማሪኑስ ማለት ስትጀምሪ አንቺ እንደሆንሽ አወቅሁ። አንቺ ነሽ ብዬ ደግሞ አዘንኩ። ስላዘንኩ አፈርኩ። ከዚያ ገባሁ።"

ይህን ያኔ ከየት ልወቀው? እኔ ያየሁት በሰዎቹ መካከል እየመጣች ያለችውን፣ ፊቷ የነጣ እናቴን ነው። ልትመታኝ ነው፣ አልኩ። እማዬ መትታኝ አታውቅም፤ ግን የመጀመሪያው ቀን ዛሬ ነው ብዬ "ማሪኑስ የሊቨን" የሚለውን የመጨረሻውን ዓይኔን ጨፍኜ ጨረስኩት።

አልመታችኝም። በርጩማው ላይ ስለቆምኩ ፊቷ ከፊቴ ትክክል ነበር።

"ሁለተኛ" አለችኝ።

"ምን?"

"የዮብ ሁለተኛ ልጅ ነሽ። የመጀመሪያ አይደለሽም። ከሥር ጀምረሽ በይው።"

ስለ ቀደምኩ ደረጃዬን መቀነሷ ነበር የመሰለኝ። ያለ ተራሽ ወጥተሻልና ከአንደኛነት ወደ ሁለተኛነት ውረጂ። እንባዬ መጣ፤ ከንዴት ነው። ሰውም ሁሉ ያለቅስ ስለነበር የእኔ አልታወቀም።

"እኔ ኔልትዬ ነኝ" አልኩ፣ "የዮብ ሁለተኛ ልጅ።"

"ቀጥዪ።"

ሁሉንም ደገምኩት፤ አንድም ዮብ አልጎደለም። እማዬ ቆማ እስከ ሊቨን ድረስ ሰማችኝ። ከዚያ ከበርጩማው አወረደችኝና ወደ ጋሽ ክራይን ዞረች።

"የእሷን እንደገና ይጥሩት" አለች። "ሳልሰማው ነው ያለፈው።" ሰምታው ነበር፤ ግን እንዲህ ነው ያለችው።

ጋሽ ክራይን ወረቀቱን አላዩም። "ኔልትዬ የዮብ" አሉ።

በዚህኛው ጊዜ እማዬ ትከሻዬን ይዛኝ ስለነበር ዝም አልኩ። ቀጣዩ ስም ተጠራ፣ ከዚያም ቀጣዩ።

ስሞቹ ተጠርተው አልቀው ሌሎቹ ልጆች ዘራቸውን ሊቆጥሩ ሲነሡ አባዬ ወደ ውጭ ይዞኝ ወጣና ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ማጨስ ፈልጎ ሦስት ክብሪት ሰበረ።

"ጋሽ ክራይን የጠሩት ውሃው የወሰዳቸውን ነው" አለ። "እህት ነበረችሽ።"

"መቼ?"

"ከውሃው በፊት። አራት ዓመቷ ነበር። ጣሪያው ላይ ነበርን። ይዣት ነበር።" እጁን አየው። "ከዚያ አልያዝኳትም።"

እግሬ መወዛወዙን ያቆመበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

"ታዲያ የት ናት?"

"አልተገኘችም።"

"ስሟ ማን ነበር?" ብዬ ጠየቅሁ፣ ጥያቄው ከአፌ እየወጣ ሳለ መልሱን እያወቅሁት።

"ስሟን ለምን ሰጣችሁኝ?"

"ወግ ነው" አለ። "የመጀመሪያ ሴት ልጅ... የአያትሽ ስም እንዲቀር አልፈለግንም።" የሰበራቸውን ክብሪቶች እየለቀመ "እናትሽ አልፈለገችም ነበር" አለ።

አሁን እኔም ወልጄ፣ ልጆቼም ወልደው፣ ያ ነገር ምን እንደነበር በደንብ ይገባኛል። በአንድ ቤት ሁለት ኔልትዬ አይኖርም፤ ስሙ ለታናሿ የሚሰጠው ታላቋ ስትሞት ነው። የእማዬ ልጅ ደግሞ አልተገኘችም፤ ያልተገኘ ሰው ሞተ አይባልም ብላ ነው የያዘችው። እኔ ክርስትና የተነሣሁ ዕለት ታላቅ እህቴን በስሜ ቀበሯት፤ እማዬን የጠየቃት የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ስም ልትጠራኝ አፏ እምቢ ያላት ለዚህ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች። በአባዬ ልፈርድበት አልችልም፤ ሌላ ምን ያውቃል፣ ያደገበት ወግ ነው። በእሷ ግን ተፈርዶባታል፣ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ውስጥ ስንመለስ ሎኒስ ሾርባ ይዞልኝ ጠበቀኝ። ትንንሽ የሥጋ ድብልብሎች ያሉበት ነው። የእሱን ሁለት ድብልብል ወደ እኔ ሳህን አሸጋገረ፤ እሱ ዘሩን ሲቆጥር አንድ ማሪኑስ እንደረሳ በማግስቱ ነው የሰማሁት። ሾርባው ጨው በዝቶበታል። በላሁት።

ከዚያ ሴቶቹ ሳህን ለማጠብ ተነሡ። ወንዶቹ ወንበር ይደራርባሉ፤ አዳራሹ በወንበር ጩኸትና በሳህን ድምፅ ተሞላ። አያቴ ከፊት ተቀምጣ መሀረቧን ታጥፋለች። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ጠረጴዛ ትጠርጋለች። የጋሽ ክራይን ልጅ የተረፈውን ዳቦ በየከረጢቱ ትሞላለች። እኔ እንደ ልማዴ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው እሄዳለሁ፤ መቀመጥ አልቻልኩም፣ መቆምም አልቻልኩም።

እማዬ የኩሽናው በር ላይ ብቅ አለች። ኮቷን አውልቃለች፤ የሰው ሽርጥ ታጥቃለች፤ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል።

"ኔልትዬ" አለች።

ጮክ ብላ አይደለም፤ ግን አዳራሹ ሰማት። አያቴ ቀና አለች። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ዞረች። የጋሽ ክራይን ልጅ ከረጢቷን ይዛ ቆመች። ወንበር የሚደራርቡትም እጃቸው ላይ እንደያዙት ቀሩ። እኔ ከሌሎቹ በኋላ ነው የዞርኩት፤ በእሷ ድምፅ ያን ስም ሰምቼው ስለማላውቅ ለእኔ አልመሰለኝም።

"ማንኛችንን ነው?" አለች አያቴ።

እማዬ እርጥብ እጇን በሽርጡ ጠረገች።

"የእኔዋን" አለች። "እዚህ ያለችውን።"

"አቤት" አልኳት።